ጓሮ ውስጥ ሆርስሹ መጫወቻ አሠራር እና አጨዋወቱ

ሆርስሹ ባጭሩ ይሄ ነው፣ ሁለት የብረት ችካል ፊት ለፊት ትተክላላችሁ፣ አንዱ ጋ ቆማችሁ የፈረስ ጫማ ቅርጽ ያለው ብረት ወደ ሌላኛው ትወረውራላችሁ፣ ችካሉ ላይ ከጠለቀ ጥሩ ነጥብ፣ አጠገቡ ካረፈ ደሞ ትንሽ ነጥብ። ሲያዩት ቀላል ስለሚመስል ብዙ ሰው ሁለት ፌሮ ሳሩ ላይ ቀርቅሮ ነው ሚጀምረው፣ ከዛ ብረቱ ደረቅ መሬት እየመታ ይነጥርና አንዱ ቁጥቋጦ ውስጥ አንዱ አጥር ስር ይገባል፣ ባንድ ከሰዓት ሁሉም ይሰለቻል። እኔ ምለው፣ ከክንዳችሁ በፊት መሬቱን አስተካክሉ። ችካሉ ዙሪያ ያለው አፈር ለስላሳ ካልሆነ የፈለገ ጎበዝ ብትሆኑ ጥሩ ጥሩ ውርወራችሁ ሁላ ነጥሮ ይሄዳል። ስለዚ ችካሉ ሚቆምበት፣ ለስላሳ አፈር ሚሞላው ጉድጓድ ላይ ትንሽ ረዘም አድርጌ አወራለሁ፣ ሌላውን ቶሎ ቶሎ እናልፈዋለን።

ቦታውን መምረጥ

ከችካል እስከ ችካል ያለው ይፋዊ ርቀት 12 ሜትር ከ20 ሳንቲም ነው። ከየችካሉ ጀርባ ቢያንስ ሁለት ሁለት ሜትር ነጻ ቦታ ጨምሩበት፣ በጠቅላላ ከ16 ሜትር ትንሽ አለፍ ያለ ሜዳ ቦታ ማለት ነው፣ ወርዱ ሦስት ሜትር ከሆነ ይበቃል። ጓሮው ጠበብ ካለ ችካሎቹን በ9 ሜትር ርቀት ብትተክሏቸው ማንም አይከሳችሁም፣ እንደውም በውድድር ላይ ሴቶች እና ልጆች እንዲሁም ከ70 ዓመት በላይ የሆኑ ወንዶች ወደ ችካሉ ሦስት ሜትር ያህል ቀርበው እንዲወረውሩ ይፈቀድላቸዋል። ገና ለጀመረ ሰውም አጭሩ ርቀት ነው ሚሻለው።

አቅጣጫው ከተቻለ ሰሜን ደቡብ ይሁን። ምስራቅ ምዕራብ ከሆነ ጠዋት ወይ ማታ ላይ አንደኛው ወገን ፀሐይ አይኑ ውስጥ እየገባ ነው ሚወረውረው፣ ይሄ ደሞ ለጭቅጭቅ በር ይከፍታል። መሬቱ ተዳፋት እንዳይሆን፣ አንዱ ችካል ከሌላው ከፍ ካለ አንዴ ሽቅብ አንዴ ቁልቁል ስለምትወረውሩ ክንዳችሁ መቼም አይለምድም። ከመቆፈራችሁ በፊት ደሞ የውሃ ቧንቧ ወይ የመብራት ኬብል ከስር ማለፍ አለማለፉን አረጋግጡ፣ ግማሽ ሜትር ወደ ታች ብረት ነው ምትቀጠቅጡት።

ሚያስፈልገው ዕቃ

አካፋ፣ ዶማ፣ ሜትር፣ ሲባጎ፣ መርቴሎ፣ ውሃ ልክ እና መጋዝ ካላችሁ ይበቃል። ለችካሉ ወፍራም ክብ ብረት ያስፈልጋል፣ ደንቡ ሚለው ውፍረቱ 2 ሳንቲም ተኩል እንዲሆን ነው፣ ባለ 24 ፌሮም ይሠራል ግን ለስላሳው ይሻላል። ሁለት ፍሬ፣ እያንዳንዳቸው 90 ሳንቲም ርዝመት፣ አንድ ጫፋቸው ሾል ያለ። ለጉድጓዱ ጠርዝ ሞራሌ ወይ ወፈር ያለ ጣውላ፣ መሙያው ደሞ ሸክላ አፈር ወይ አሸዋ።

ለመወርወሪያ አራት ብረት ያስፈልጋችኋል፣ ለአንድ ተጫዋች ሁለት ሁለት፣ እንዳይምታታ ሁለቱን አንድ ቀለም ሁለቱን ሌላ ቀለም ቀቧቸው። እውነተኛ ፈረስ ያደረገውን ጫማ አምጥቶ መጫወት ደስ ይላል ግን ለጨዋታ ከተሠራው በጣም ቀላል ነው፣ አፉም ጠባብ ስለሚሆን ችካሉ ላይ እሺ ብሎ አይጠልቅም፣ በአጭር ርቀት ለልጆች ካልሆነ አልመክርም። የጨዋታው ብረት ክብደቱ እስከ 1 ኪሎ ከ190 ግራም ድረስ ነው፣ ወርዱ ከ18 ሳንቲም ትንሽ ይበልጣል፣ አፉ ጫፎቹ አካባቢ ሲለካ ቢበዛ 9 ሳንቲም ገደማ። ብየዳ ቤት ልታሠሩ ካሰባችሁ እነዚህን ልኮች ስጧቸው፣ ጠርዙን ደሞ በሞረድ እንዲያለሰልሱት ንገሯቸው፣ ካልሆነ ጣታችሁን ነው ሚቆርጠው።

ጉድጓዱ፣ ዋናው ሥራ

መጀመሪያ በሁለቱ ችካሎች መሀል ሚያልፍ ሲባጎ ወጥራችሁ ችካሎቹ ሚቆሙበትን ነጥብ ምልክት አድርጉ። ርቀቱን ሁለቴ ለኩት፣ ሲባጎው ከረገበ ስለሚያሳስት አጥብቃችሁ ወጥሩት። ከዛ እያንዳንዱን ነጥብ መሀል አድርጋችሁ ወርዱ 90 ሳንቲም ርዝመቱ 120 ሳንቲም የሆነ አራት ማዕዘን ሳሉ፣ ረጅሙ ጎን ወደ ወዲያኛው ችካል ሚሄደው ነው። ይሄን ልክ ዝም ብዬ አይደለም ምመርጠው፣ ደንቡ ችካሉ ከጉድጓዱ የፊትና የኋላ ጠርዝ ቢያንስ 53 ሳንቲም እንዲርቅ ይላል፣ በ120 ከሠራችሁት 60 ትሆናለች። ሌላ ጥቅምም አለው፣ 90 በ120 ሆኖ ማዕዘኑ ቀጥ ካለ ከጥግ እስከ ጥግ ሚሄደው ሰያፍ መስመር በትክክል 150 ሳንቲም ይመጣል። ሁለቱንም ሰያፍ ለክታችሁ 150 ካገኛችሁ ሌላ ማዕዘን መለኪያ አያስፈልግም፣ 148 እና 152 ከመጣ ደሞ ጣውላውን አንዱን ጥግ ገፋ ገፋ አድርጉት።

20 ሳንቲም ያህል ወደ ታች ቆፍሩ፣ ከ20 አታሳንሱት። ስሩን በጣም አትቆፍሩት፣ ያልተነካው ጠንካራ መሬት ችካሉን እንዲይዝ ነው ሚፈለገው። ከዛ ሞራሌውን በጠርዙ አስገቡ፣ የላይኛው ፊቱ ከመሬቱ ጋ እኩል ይሁን፣ በተለይ ከፊት ያለው እንጨት ብቅ ካለ አጠር ብሎ ሚመጣ ብረት ሁሉ እሱን እየመታ ወደ ሰው ይነጥራል።

አሁን ችካሉ። ጉድጓዱ መሃል ላይ፣ ወደ ወዲያኛው ችካል ዘንበል አድርጋችሁ በመርቴሎ ምቱት። ሲያልቅ ከሙሊቱ አፈር በላይ 38 ሳንቲም ብቻ ነው መታየት ያለበት፣ ሙሊቱ ገና ስላልገባ ከጣውላው ጠርዝ ላይ ቀጥ ያለ እንጨት አጋድማችሁ ከዛ ላይ ለኩ። ማዘንበሉን በአይን አትገምቱት። የሲባጎ ጫፍ ላይ አንድ ዳዶ እሰሩና ሲባጎውን ከችካሉ አናት ላይ ወደ ታች ልቀቁት፣ መወዛወዙን ሲያቆም ዳዶው ካለበት እስከ ችካሉ ስር ያለውን ለኩ፣ እዛው በአፈሩ ደረጃ 7 ሳንቲም ተኩል መሆን አለበት። ሁለቱም ችካሎች እርስ በርስ ሚተያዩ ሆነው እኩል ያዘነብላሉ። ቀጥ ካለ ችካል ላይ ጥሩ ሆኖ የጠለቀ ብረት ራሱ ተመልሶ ይወጣል፣ ወደ ወርዋሪው ሲያዘነብል ግን ይዞ ያስቀረዋል፣ ትንሽ ነገር ትመስላለች ግን ልዩነቷ ብዙ ነው።

መሬቱ ልል ከሆነና ችካሉ በእጅ ሲነቀነቅ ሚወዛወዝ ከሆነ ሁለት መላ አለ። አንዱ፣ አንድ ወፍራም የግንድ ቁራጭ መሀሉን በሰያፍ በስታችሁ ጉድጓዱ ስር መቅበርና ችካሉን በሱ ውስጥ ማሳለፍ፣ እኔ ይሄን ነው ምወደው ምክንያቱም እንጨቱ የምቱን ንዝረት ይውጠዋል። ሁለተኛው ኮንክሪት ነው፣ ግን ኮንክሪቱ ከሙሊቱ ስር መቅረት አለበት፣ ወደ ላይ ከወጣ ብረት ኮንክሪት ሲመታ ወይ ይሰበራል ወይ ፊት ላይ ይመጣል። በኮንክሪት ከሠራችሁ ችካሉ ሚገባበት ትንሽ ቧንቧ አስቀብሩበት፣ አንድ ቀን ሲጣመም ሁሉንም ከመቆፈር ያድናችኋል።

በምን ይሞላ

ሸክላ አፈር፣ አለቀ። ብረቱ ሲያርፍበት እዛው ነው ሚቀረው፣ አይነጥርም አይንሸራተትም። ጠጠሩን እና ስሩን ለቅማችሁ በውሃ አሹት፣ ጭቃው እንደ ሸክላ ሠሪ ጭቃ ሲሆን በቃ ደርሷል። ጨበጥ አድርጋችሁ ስትለቁት የጣታችሁ ቅርጽ ሳይፈርስ ከቀረና መዳፋችሁ ላይ ካልተጣበቀ ልክ ነው፣ ከፈራረሰ ውሃ ጨምሩ፣ ከተጣበቀ ትንሽ ቀን ይረፍ። ሌላ ፍተሻ ደሞ፣ አንዱን ብረት ከደረታችሁ ከፍታ ጋደም አድርጋችሁ ልቀቁት፣ ጧ ብሎ ከነጠረ ገና ነው፣ ጥፍ ብሎ ከቀረ ጨርሳችኋል።

የሸክላ ችግሩ መድረቁ ነው። ለሁለት ቀን ክፍት ከተዋችሁት ጡብ ይሆናል። ስለዚ ሁሌ ተጫውታችሁ ስትጨርሱ ውሃ አርከፍክፉና እርጥብ ጆንያ ከላይ፣ ከጆንያው በላይ ላስቲክ አልብሱት። ነገ ልትጫወቱ ካሰባችሁ ዛሬ ማታ ውሃ አጠጡት፣ ጨዋታ ሊጀመር ሲል ውሃ ማፍሰስ ላዩን አንሸራታች ውስጡን ደረቅ ነው ሚያደርገው።

ይሄን ሁሉ እንክብካቤ ማልችል ሰው ነኝ ካላችሁ አሸዋ አድርጉ። አሸዋ ጥገና አይፈልግም፣ ዝናብም አይገድለውም፣ ግን ብረቱ ሲያርፍ ይንሸራተታል እናም ራሳችሁ ያልወረወራችሁት ነጥብ ሊመጣላችሁም ሊሄድባችሁም ይችላል። ትንሽ ካረጠባችሁት ይሻሻላል። ሰጋቱራም ሚጠቀሙ አሉ፣ ቀላል ስለሆነ ነፋስ ይበትነዋል፣ ምርጫ ካጣችሁ ብቻ።

ከጉድጓዱ ግራና ቀኝ መቆሚያ ያስፈልጋል፣ 50 ሳንቲም ወርድ፣ ወደ 2 ሜትር ርዝመት ያለው የተደለደለ ቦታ ከሆነ ይበቃል። ከችካሉ ወደ ፊት 90 ሳንቲም ላይ መስመር አስምሩ፣ ሲወረወር እግር ከሷ አያልፍም። ከችካሉ ጀርባ አንድ ሜትር ራቅ ብሎ 30 ሳንቲም ከፍታ ያለው ጣውላ ብትገትሩ ያለፈውን ብረት ይመልስላችኋል፣ በተለይ ከኋላ መስኮት ወይ መኪና ካለ ግዴታ ነው።

አወራወር

ቀኝ እጃችሁን ምትጠቀሙ ከሆነ ከችካሉ በስተግራ ቁሙ። ብረቱን ከሁለቱ ክንዶቹ አንዱን ነው ምትይዙት፣ አውራ ጣት ከላይ፣ ሌሎቹ ጣቶች ከስር ሆነው ወደ ውስጠኛው ጠርዝ ቆልመም ብለው፣ ጋደም እንዳለ። አፉ ወደ ግራ ይዞር። ከዚ አያያዝ ብረቱ በአየር ላይ በሰዓት አቅጣጫ አንድ ሙሉ ዙርና ሩብ ዞሮ አፉን ወደ ችካሉ ከፍቶ ይደርሳል፣ ይሄ አንድ ሩብ ሚባለው ነው። አፉ ወደ ቀኝ ሆኖ አንድ ዙር ከሦስት ሩብ ሚያዞሩም አሉ፣ ጎበዞቹ በሁለቱም ያሸንፋሉ። ሌላው መገልበጥ ነው፣ ብረቱን ከጉብጠቱ ይዞ አፉን ወደ ፊት አድርጎ በአየር ላይ መገለባበጥ፣ ለጀማሪ ቶሎ ሚገባ ነገር ግን ሲያርፍ ብዙ ይነጥራል።

ክንዳችሁን ዘርጉ፣ አትጠፉት። ወደ ኋላ ወስዳችሁ ወደ ፊት ስትመልሱት በግራ እግር አንድ እርምጃ ሂዱ፣ ጉልበት ትንሽ ሸብረክ ይበል፣ ብረቱን አይናችሁ ከፍታ ላይ ስትደርሱ ልቀቁት፣ እጃችሁ ግን ወደ ላይ መሄዱን አያቁም። አይን ችካሉ ላይ ነው፣ ብረቱን መከተል የለም። ከፍታው ሁለት ሜትር ከምናምን እስከ ሦስት ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው፣ ዝቅ ብሎ ተወርውሮ ሚመጣ ብረት ችካሉን መትቶ ያልፋል፣ ከፍ ብሎ ሚወርድ ግን ይቀመጣል። በእጅ አንጓ ለማዞር አትታገሉ፣ ብዙ ጀማሪ እዚ ጋ ነው ሚበላሸው፣ ዙሩ ከአያያዙ ራሱ ይመጣል።

ቀጥ ብሎ እየሄደላችሁ ግን አፉ ዞሮ ካለፈ ወይም ሳይዞር ከደረሰ አወራወራችሁን አትቀይሩ፣ ቦታችሁን ቀይሩ። ብዙ ሚዞር ከሆነ ግማሽ እርምጃ ወደ ፊት፣ ዙሩ ካልሞላ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ። በአየር ላይ ሚቆይበት ጊዜ ሲቀየር ዙሩም ይስተካከላል። እንደሱም ካልሆነ ጣታችሁን ብረቱ ላይ በአንድ ጣት ስፋት ብቻ አንሸራቱና አይታችሁ ፍረዱ። ሁለቱን ባንዴ አትቀይሩ፣ የትኛው እንደሠራ አታውቁም።

ነጥብ አቆጣጠር

በአንድ ዙር እያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት ብረት ይወረውራል፣ አንዱ ሁለቱንም ጨርሶ ነው ሌላው ሚጀምረው። ማን ይጀምር ሚለውን በሳንቲም ጨርሱት፣ ከዛ በኋላ ነጥብ ያገኘ ቀጣዩን ዙር ይጀምራል።

ችካሉ ላይ የጠለቀ ሪንገር ይባላል፣ 3 ነጥብ። ካልጠለቀ ግን ከችካሉ በ15 ሳንቲም ውስጥ ካረፈ 1 ነጥብ። ችካሉ ላይ ተደግፎ የቆመ ሊነር ሚባለው በይፋዊው ደንብ 1 ነው፣ በጓሮ ጨዋታ ግን ብዙ ሰው 2 ይሰጠዋል፣ ከመጀመራችሁ በፊት ተስማሙ።

ሪንገር ነው አይደለም ሚል ክርክር መምጣቱ አይቀርም። ቀጥ ያለ እንጨት ውሰዱና የብረቱን ሁለት ጫፎች አስነኩት፣ እንጨቱ ችካሉን ካልነካ ሪንገር ነው፣ ከነካ አይደለም። ለ15 ሳንቲሙ ደሞ በልኩ የተቆረጠ እንጨት አዘጋጁ፣ ብረቱን ራሱን መለኪያ አታድርጉት፣ ወርዱ ከ15 ስለሚበልጥ ያልሆነ ነጥብ ትሰጣላችሁ። ሳይለካ ማንም ብረት እንዳይነካ።

አሁን ሰው ሚደናገርበት፣ መጣፋቱ። የሁለታችሁም ሪንገር ካለ አንዱ ለአንዱ ይጠፋፋል። ለምሳሌ አንተ አንድ ሪንገር አለህ፣ ሌላው ብረትህ 10 ሳንቲም ላይ ነው፣ እሱም አንድ ሪንገር አለው፣ ሌላው 5 ሳንቲም ላይ። ሪንገሮቹ ተጣፉ፣ ከቀረው ሚቀርበው የሱ ነው፣ እሱ 1 አገኘ አንተ ምንም። ሌላ ምሳሌ፣ ሁለት ሪንገር አለህ፣ እሱ አንድ፣ አንዱ ተጣፋ፣ ላንተ 3። እሱ ምንም ሪንገር ሳይኖረው ሁለቱም ያንተ ከጠለቁ 6። አንድ ሪንገር ካለህና ሁለተኛውም ከሱ ብረቶች ይልቅ ቀርቦ በ15 ሳንቲም ውስጥ ካለ 4። ግን ሪንገርህ ቀጥሎ ሚቀርበው የሱ ብረት ከሆነ ያንተ ሁለተኛ አይቆጠርም፣ 3 ብቻ ነው፣ እሱም ምንም አያገኝም። በአንድ ዙር ነጥብ ሚወስደው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ ይሄን ከያዛችሁ ሌላው ይገባችኋል።

የሱ ብረት ያንተን ሪንገር መትቶ ካወጣው ወጥቷል፣ ሚቆጠረው መጨረሻ ላይ ያለበት ነው። መጀመሪያ ከጉድጓዱ ውጪ መሬት ነክቶ ነጥሮ የገባ ደሞ ሙት ነው፣ ቢጠልቅም አይቆጠርም። በጓሮ 21 የሞላ ያሸንፋል፣ በውድድር 40 ነው። አራት ከሆናችሁ ጥንዶቹን ተከፋፈሉና ከየቡድኑ አንዳንድ ሰው በየችካሉ ጋ ቁሙ፣ ወዲያና ወዲህ መሄድም የለም። እ.ኤ.አ. በ1989 ፕሬዚደንት ቡሽ አባትየው ዋይት ሀውስ ግቢ ውስጥ የሆርስሹ መጫወቻ ማስቆፈሩን ሳስብ፣ እንግዳ ሲበዛ እንደዚ ሳይጫወቱት አይቀሩም እላለሁ።

ሰው እንዳይጎዳ

ከአንድ ኪሎ በላይ ብረት ነው አየር ላይ ሚሄደው። ማይወረውር ሁሉ ከወርዋሪው ኋላ ይሁን፣ ጎን መቆምም አይበቃም ምክንያቱም ብረቱ ችካሉን መትቶ ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም። አራቱም ብረት ሳይወረወር ማንም ወደ ወዲያኛው ጉድጓድ አይሂድ። አራት ሆናችሁ ማዶ ላይ ተጫዋች ካለ ግን ሲወረወር ከችካሉ ጥቂት ሜትር ይራቅ፣ ፊቱንም ወደ ጨዋታው ያዙር። ውሻና ሕፃን ካለ ጨዋታው ይቁም፣ ድርድር የለውም። ክፍት ጫማ አድርጋችሁ አትጫወቱ፣ ሁለት ኪሎ ከምናምን ይዛችሁ ነው ምትመላለሱት፣ አንዴ ከእጅ ካመለጠ ጣት ነው ሚያገኘው።

ጥገና

በየጥቂት ዙሩ ችካሉ ፊት ለፊት ሚፈጠረውን ጉድጓድ በአካፋ ደልድሉት፣ ከተተወ ብረቱ እሱ ውስጥ ገብቶ ከችካሉ ስር ሳይደርስ ይቀራል። ብረቶቹ ችካሉን ሲመቱ ጫፋቸው ላይ ስል ቅርፊት ያወጣሉ፣ በሞረድ ፈቅፍቁት፣ ከጨዋታ በፊት በጣት ዳስሳችሁ ማየት ልማድ ይሁን። ጭቃውን አጥባችሁ አድርቃችሁ አስቀምጧቸው። ችካሉ ወደ ጎን መጣመሙን አልፎ አልፎ በዛችው ዳዶና ሲባጎ አረጋግጡ፣ 7 ሳንቲም ተኩሉ ወደ 5 ወርዶ ወይ ወደ 10 ወጥቶ ካገኛችሁት በመርቴሎ መልሱት፣ ከታጠፈ ደሞ ቀይሩት።